ማርሽና ፍሪሲዮን

ከጂቡቲ ጭነው የሚመጡት ከባድ መኪኖች ቃሊቲ ጉምሩክ አካባቢ ተራ ይዘው ሲቆሙ፣ ሾፌሮቹ ከሚያነሷቸው የማያልቁ ወሬዎች አንዱ የፍሪሲዮን ወሬ ነው። ቃሉን ጣሊያን ትቶልን ሄዷል። በግራ እግር የሚረገጠው፣ ሞተሩን ከጎማው ለቅጽበት አላቅቆ ማርሽ እንዲቀየር የሚፈቅደው ዕቃ ነው፤ ሲያረጅ መኪናው ይጮሃል እንጂ አይሄድም። ይኸው ዕቃ በእንግሊዞቹ አፍ «ክለች» ይባላል። ከጉምሩኩ ወረድ ብሎ፣ ወደ አቃቂ በሚወስደው መንገድ ዳርና ዳር በቆርቆሮ ቤቶች ውስጥ ፕሌይስቴሽን ሲጫወቱ የሚውሉት ልጆችም «ክለች» ይላሉ፤ በእነርሱ ሐሳብ ግን መኪና የለም። ለእነርሱ ክለች ማለት አለቀ፣ ደቀቀ ሲባል፣ ሰዓቱ ተሟጦ ጥቂት ሰከንድ ሲቀር ጨዋታውን ገልብጦ ማሸነፍ ነው። ቃሉ ከአሜሪካ እስፖርት ወሬ ተነሥቶ በኮምፒዩተር ጨዋታ በኩል እስከ አቃቂ ደርሷል። ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን እንዳያቸው ያደረጉኝ አንድ ጡረተኛ ሾፌር ናቸው፤ ወደ እርሳቸው እመጣለሁ።

በመጀመሪያ ቤቶቹን ለማያውቃቸው አንባቢ ላስተዋውቅ። አንድ ወይም ሁለት ቴሌቪዥን፣ ከሥራቸው አቧራ የጠጣ ማሽን፣ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር፣ ቁልፎቹ በአውራ ጣት ብዛት የተላጡ ጆይስቲኮች። ሕጉ አጭር ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቀመጣል። በዚህ ሕግ የተነሣ የመጨረሻዋ ደቂቃ ዋጋዋ ከፍ ይላል፤ ምክንያቱም በሰማንያ ዘጠነኛው ደቂቃ የምትገባው ጎል የአንዱን ልጅ የምሳ ሳንቲም ይዛ ትሄዳለች። የሚጫወቱት ይበልጡን ኳስ ነው፤ «ፊፋ» ይሉታል። ጨዋታውን የሚሠራው ኩባንያ በ2023 (እ.ኤ.አ.) ስሙን ቀይሮታል፤ አቃቂ ግን አልቀየረችም።

እኔ ወደነዚህ ቤቶች የምገባው ለመጫወት አይደለም፤ እጄ ለጆይስቲክ አልተፈጠረም። የምገባው ከወንበሩ ጀርባ የሚቆሙትን ለመስማት ነው። ሁለት ሰው ይጫወታል፣ ስምንትና ዐሥር ሰው ይከራከራል። «ቲፎዞ» የምንለው ቃልም የጣሊያን ነው፤ በአገሩ ከታይፈስ ትኩሳት ስም ጋር ይዛመዳል። ትኩሳቱ ደግሞ አዲስ አይደለም። ከፕሌይስቴሽን በፊት ጆተኒ ነበረ፤ ሱቅ ደጃፍ ላይ የተገተረ፣ ብረቱ የላላ፣ የእንጨት ተጫዋቾቹ ግማሾቹ እግር ያጡ። ለትልልቆቹ ከረንቦላ ቤት ነበረ። በሁሉም ዘንድ ግን የሚጫወተው ጥቂት፣ የሚፈርደው ብዙ ነበር። ከጀርባ የቆመው ሰው ሁልጊዜ ከተቀመጠው ይልቅ ያውቃል።

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ሁለት ለሁለት የነበረ ጨዋታ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሲል በአንድ ምት ተፈታ። ቤቱ ተናጋ። ሁሉም ስለ ምቱ ሲያወራ አንድ ቀጭን ልጅ ብቻ፣ ዐሥራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ «ጎሉን ያገባው እሱ አይደለም» አለ። «ያ በቀኝ በኩል በባዶ የሮጠው ነው። ሁለት ተከላካይ ይዞ ሄደ፤ መሀሉ ተከፈተ።» እውነቱን ነበር፤ ሲደገም ሁላችንም አየነው። ኳስ ያልደረሰው፣ ስሙ ከማያው ላይ ያልተጻፈ ተጫዋች ወደ መስመሩ ሲበር ሁለቱ ተከላካዮች ተከትለውታል። ጩኸቱ ግን አልቆመም። «የሮጠማ ሮጠ፤ ያገባው ነው ያገባው!» የሚለው ወገን በድምፅ በለጠ።

ይህን ጊዜ የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ የመጡ፣ በሩ ላይ ዝናቡን የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ጣልቃ ገቡ። በደርግ ዘመን የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞችን በፈረቃ ያመላልሱ የነበሩ ሾፌር ናቸው።

«እናንተ ልጆች፣ መሐመድ ከድርን ታውቁታላችሁ?»

ልጆቹ ተያዩ። አንዱ በትሕትና፣ «ጋሼ፣ ለየትኛው ክለብ ነው የሚጫወተው?» አላቸው።

«ምሩፅ ይፍጠርንስ?»

«ማርሽ ቀያሪው!» አለ ቤቱ በሙሉ በአንድ ድምፅ።

«ማርሹስ ተቀየረ፤ ፍሪሲዮኑን ማን ረገጠው?» አሉና ዝናቡ ሳያባራ ልጁን በእጁ ይዘው ወጡ።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ የሽማግሌውን ጥያቄ ተከትሎ የሚሄድ ነው።

የሞስኮው ታሪክ የሚጀምረው ሙኒክ ላይ ነው። በ1964 ዓ.ም. ነሐሴ ወር መጨረሻ በተደረገው የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ፊንላንዳዊው ላሲ ቪረን መሀል መንገድ ላይ ወድቆ ተነሥቶ በዓለም ክብረ ወሰን አሸነፈ። ቤልጅየማዊው ፑትማንስ ሁለተኛ፣ ምሩፅ ሦስተኛ ሆኑ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ምሩፅ ለ5,000 ሜትር ማጣሪያ ሳይደርስ ቀረ፤ ለምን እንደ ቀረ ዛሬም ድረስ እያንዳንዱ ቲፎዞ የየራሱ ማብራሪያ አለው። በ1968 ሞንትሪያል ላይ ደግሞ የአፍሪካ አገሮች የኒውዚላንድን የራግቢ ቡድን ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄድ በመቃወም ኦሊምፒኩን ረግጠው ወጡ፤ ቪረን በሁለቱም ርቀት ደግሞ ወርቅ ወሰደ። ምሩፅ በ1977 እና በ1979 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ዋንጫ ውድድሮች ሁለቱንም ርቀቶች አሸንፏል፤ ኦሊምፒክ ግን ቀርቶበታል። ስለዚህ ሞስኮ ሲደርስ ዕድሜው ብዙ የሚያከራክር፣ ራሱ ላይ ፀጉር የሳሳ፣ ስምንት ዓመት የጠበቀ ሰው ነበር። ቪረንም እዚያው ነበረ።

እሑድ ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም.። በዚያን ጊዜ አብዛኛው ሕዝባችን ውድድር የሚያየው በጆሮው ነው። ሬዲዮ ያለው በሩን ይከፍታል፣ የሌለው ደጃፍ ይቆማል። በሬዲዮ የሚሰማ ሩጫ ከሚታየው ይለያል፤ ሰሚው ተራውን፣ ርቀቱን፣ ማን ከማን ኋላ እንዳለ በራሱ አእምሮ ውስጥ መሳል አለበት። የዚያ ትውልድ ቲፎዞ ስለ ታክቲክ ሲያወራ የሚራቀቀው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል፤ ዐይኑ ስላልነበረ አሳቡን ማሠራት ነበረበት።

በሩጫው ላይ የነበሩት ኢትዮጵያውያን ሦስት ናቸው፤ ምሩፅ ይፍጠር፣ መሐመድ ከድር፣ ቶሎሳ ቆቱ። አሰልጣኙ ንጉሤ ሮባ። የሠሩት ሥራ ቀላል ይመስላል፤ ከባድ ነው። ሃያ አምስት ዙር በአንድ ፍጥነት ቢሮጡ ቪረንንና ማኒንካን ከመሳሰሉ ፊንላንዳውያን ማንም አያላቅቃቸውም፤ እኩል ፍጥነት የእነርሱ ምግብ ነው። ስለዚህ ሦስቱ በየተራ እየመሩ ፍጥነቱን ይበጠብጡት ጀመር። አንዱ ፈትለክ ብሎ ይወጣል፣ ሌላው ይከተላል፣ ከዚያ ይቀዘቅዛል፤ ተከታዩ ትንፋሹን ሰበሰብኩ ሲል ሌላው ይነሣል። መኪና የነዳ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ በሜዳ ላይ አንድ ማርሽ ይዞ የሚሄድ ሞተር አይደክምም፣ ዳገትና ቁልቁለት የሚያፈራርቅበት ግን ይግላል። ቪረን ገና ሳያልቅ ከፊተኞቹ ተቆረጠ። ሦስት መቶ ሜትር ሲቀር ምሩፅ ወጣ፤ የቀረውን አገር ያውቀዋል። 27 ደቂቃ ከ42.7 ሰከንድ። ማኒንካ ብር፣ መሐመድ ከድር ነሐስ፣ ቶሎሳ ቆቱ አራተኛ፣ ቪረን አምስተኛ።

ከአምስት ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 25፣ የ5,000 ሜትሩ ፍጻሜ ነበር። ሽማግሌው «ፍሪሲዮን» ያሉት ይበልጡን ይህን ነው። የመጨረሻው ዙር ሲገባ ሯጮቹ ተጨናንቀዋል፤ ምሩፅ በውስጠኛው መስመር ታጥሯል። ከፊቱ ያለው የአገሩ ልጅ መሐመድ ከድር ነው። ማርሽ ቀያሪው ማርሽ የሚቀይርበት ቦታ ደርሷል፣ ሦስት መቶ ሜትር ቀርቷል፣ መውጫ ግን የለም። መሐመድ ቦታውን ለቀቀ። ምሩፅ በተከፈተው በር ወጣ፤ ከታንዛኒያዊው ሱሌማን ኒያምቡዪ ቀድሞም ገባ። ማኒንካ ሦስተኛ ሆነ። መሐመድ ሜዳሊያ አላገኘም።

ለአንድ ሯጭ በኦሊምፒክ ፍጻሜ የመጨረሻ ዙር ላይ መስመር መልቀቅ ምን ማለት እንደሆነ እናስብ። እግር ኳስ ተጫዋች ኳስ ቢያቀብል ዋንጫው የሁሉም ነው፤ አንገቱ ላይ እኩል ሜዳሊያ ይጠለቅለታል። ሯጭ ግን ለብቻው ይሸለማል፣ ለብቻው ይረሳል። መስመር የለቀቀ ሰው ያቀበለው ኳስ ሳይሆን ከራሱ ዕድል የተቆረጠ ነው። የእኛ ጋዜጦች፣ ፖስተሮች፣ ጎዳናዎች የምሩፅን ሦስት መቶ ሜትር ያዙ። ተገቢ ነው፤ ያን የመሰለ አጨራረስ በዓለም ላይ ከስንት አንድ ነው። የመሐመድ አንድ እርምጃ ግን በምስል ላይ እንኳ ካልጠቆሙት አይታይም።

የመሐመድ ከድር ታሪክ በሞስኮ ቢያበቃ ኖሮ የአገልጋይ ታሪክ ብቻ በሆነ ነበር። መጋቢት 19 ቀን 1973 ማድሪድ ላይ በዓለም አገር አቋራጭ ውድድር ኢትዮጵያውያን ከፊት ተሰልፈው ሌላውን ጥለው ሄዱ። ከዚያም የማይታመን ነገር ሆነ፤ ዙሩን በመቁጠር ተሳሳቱ። አንድ ዙር ሲቀር ያለቀ መስሏቸው ያላቸውን ሁሉ አውጥተው ተፈተለኩ። ስሕተቱ ሲገባቸው ጉልበቱ ፈሷል፣ ከኋላ የነበሩት ደርሰዋል። አሜሪካዊው ክሬግ ቨርጂን አሸነፈ፤ መሐመድ በሁለት ሰከንድ ተበልጦ ሁለተኛ ሆነ። እኔ እስከማውቀው በሩጫ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ስለ ማርሽ መቀየር የሚያስተምር ውድድር የለም፤ ያው ፍጥነት፣ ያው ቆራጥነት፣ አንድ ዙር ቀድሞ። ሆኖም እንደዚያም ሆኖ የቡድኑን ዋንጫ ኢትዮጵያ ወሰደች። በዓመቱ ሮም ላይ መሐመድ ዙሩን በትክክል ቆጠረና የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ለራሱ መሮጥም ይችልበት ነበር ማለት ነው።

በኳሱም ያው ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባው ስታዲዬም በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች። የአሰልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማ ልጆች ሁለት ጊዜ ደረሱባት፤ ሁለተኛዋን በ84ኛው ደቂቃ ያስቆጠረው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነው። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው ደቂቃ አስቆጥረው 4 ለ 2 አለቀ። ሰው ሲተርክ ከመንግሥቱ ጎል ይጀምራል፤ መንግሥቱን የማይወድ ማን አለና! ግን ስድስት ደቂቃ ሲቀር የገባችው የሉቻኖ ጎል ባትኖር ተጨማሪ ሰዓት የሚባል ነገር አልነበረም። በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ ከዚምባብዌ ጋር በፍጹም ቅጣት ምት ሲለይም ያስታወስነው የደምሴ ዳምጤን ድምፅ ነው፤ ቅጣት ምት ላይ ያደረሰችንን የአንድ ለአንዷን ጎል የሚተርክልኝ ሰው ለማግኘት ግን ብዙ ቤት አንኳኩቻለሁ።

አሁን ወደ ልጆቹ ጨዋታ ልመለስ፤ ምክንያቱም በዚያም ዓለም ያለው ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። የኮምፒዩተር ጨዋታ ቲፎዞዎች ሁሉ የሚያውቁት አንድ ቅጽበት አለ። በ2004 (እ.ኤ.አ.) ክረምት ካሊፎርኒያ ውስጥ በተደረገ የ«ስትሪት ፋይተር» ውድድር ጃፓናዊው ዳይጎ ኡሜሃራና አሜሪካዊው ጀስቲን ዎንግ ተፋጠጡ። የዳይጎ ተጫዋች የቀረው ሕይወት የፀጉር ያህል ነበር። በዚያ ጨዋታ ልዩ ጥቃት ሲመጣ ተከላክሎ መቆም እንኳ ጥቂት ሕይወት ይቀንሳል፤ ስለዚህ መከላከልም ሞት ነበር። ያለው አንድ መንገድ ምቱ በሚያርፍበት ቅጽበት ዱላውን ወደ ምቱ መግፋት ነው፤ ያን ጊዜ ጉዳት የለም። ጥቃቱ ግን ዐሥራ አምስት ተከታታይ ምት ነው። ዳይጎ ዐሥራ አምስቱንም አመከናቸውና መልሶ መትቶ ጣለው። የአዳራሹን ጩኸት ዛሬ አቃቂ ያለ ልጅ ስልኩ ላይ እየሰማ ፀጉሩ ይቆማል።

ታዲያ ዐዋቂዎቹ ቲፎዞዎች የሚከራከሩት ስለ ዐሥራ አምስቱ ምት አይደለም፤ ስለ መጀመሪያው ነው። የመጀመሪያውን ለማምከን ጥቃቱ ታይቶ አይደረስበትም፤ እንደሚመጣ አስቀድሞ መጠርጠር ያስፈልጋል። ስለዚህ ጥያቄው፣ ዳይጎ ጀስቲንን ወደዚያ ጥቃት እንዴት አመጣው? በምን ርቀት ቆሞ፣ ምን አሳይቶ አጓጓው? ጀስቲንስ እየመራ ለምን ቸኮለ? እነሆ፣ ከወንበሩ ጀርባ የቆመው ቀጭን ልጅ ጥያቄ። ደግሞም ብዙ ሰው የማያስታውሰው ነገር አለ፤ ዳይጎ ያንን ውድድር አላሸነፈም። በፍጻሜው ተሸነፈ።

ሌላው ምሳሌ ለሰፈራችን ይበልጥ ይቀርባል። በ2019 (እ.ኤ.አ.) አርስላን ሲዲቅ የተባለ የላሆር ልጅ፣ ፓኪስታናዊ፣ በ«ቴከን» ጨዋታ መጀመሪያ ጃፓን ላይ፣ ከዚያ ላስ ቬጋስ ላይ የታላላቆቹን ውድድሮች ዋንጫ ወሰደ። ከዚያ በፊት ፓኪስታንን ማንም አይቆጥራትም ነበር። ሲጠይቁት አገር ቤት እንደ እርሱ ያሉ ብዙ ልጆች እንዳሉ ተናገረ። ትሕትና መስሎ ነበር። ኒ በሚል የጨዋታ ስም የሚታወቀው ኮሪያዊ ባለ ዝና ግን ራሱ ፓኪስታን ድረስ ሄዶ ከነዚያ ስም የለሽ ልጆች ጋር ተጫወተና ብዙ ጊዜ ተሸነፈ። ዋንጫ ያነሣው አንድ ነው፤ የሳሉት ግን በላሆር ጠባብ የጨዋታ ቤቶች ውስጥ ሲጫወቱት የኖሩት ናቸው።

ይህን ስል የአቃቂ ፕሌይስቴሽን ቤቶች የሻምፒዮን መፈልፈያ ናቸው እያልኩ አይደለም። ትምህርት ቤት አጠገብ የተከፈቱት እንዲዘጉ ወላጆች ሲጮሁ እውነት አላቸው፤ ደብተር ይዞ የወጣ ልጅ ሳንቲሙን ጨርሶ ሲመለስ አይቻለሁ። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ መጋረጃው የሚወርድበትንም ፍጥነት ዐውቃለሁ። ነገር ግን የሚያመኝ ሌላ ነገር አለ። ስለ እስፖርታችን የሚጻፈው ሁሉ ስለ መጨረሻው ሦስት መቶ ሜትር ነው። ልጆቹ ግን የተደረገውን መልሰው ያያሉ፣ ያቆሙታል፣ «እዚህ ጋ ማን ከፈተው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ካልተስማሙም ቁጭ ብለው ይሞክሩታል። በሬዲዮ ዘመን የነበረው ክርክር ማስረጃ አልነበረውም፤ የቴሌቪዥኑ ዘመን ክርክር ማስረጃ ነበረው፣ ትዕግሥት ግን አልነበረውም። ስለ መሐመድ ከድር አንድ ሙሉ መጽሐፍ በእጃቸው ቢገባ ከማንም ቀድመው የሚረዱት እነርሱ ይመስሉኛል።

ለነገሩ መሐመዶቹ ከደጃቸው አልጠፉም። አቃቂ ከእንጦጦ በጣም ዝቅ ያለች፣ ሜዳማና ሞቅ ያለች ስለሆነች ሯጮች ለፍጥነት ልምምድ ወደዚህ ይወርዳሉ። ማለዳ መንገዱ ዳር የቆመ ሰው ቡድኑን ሲያልፍ ያያል። ከፊት ነፋሱን እየሰነጠቀ የሚሄደው ብዙ ጊዜ ስሙ የማይታወቅ አሯሯጭ ነው። በትልቅ ውድድር ቀን ይህ ሰው የታዘዘውን ርቀት ይመራና ከመንገዱ ይወጣል፤ በውጤት ሰሌዳው ላይ «አላጠናቀቀም» ተብሎ ይመዘገባል።

ትልልቆቹንና ልጆቹን እስከ ዛሬ ያላስታረቀ አንድ ክርክር ቀርቶኛል፤ የአቴንሱ። ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም. በ10,000 ሜትር ፍጻሜ ቀነኒሳ በቀለ፣ ስለሺ ስኅንና ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ተሰለፉ። ኃይሌ አትላንታንና ሲድኒን ያሸነፈ፣ ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በሰከንድ ዘጠኝ መቶኛ ብቻ የቀደመ ታላቃቸው ነው፤ በዚያ ቀን ግን ተረከዙን ታሞ ነበር። ወደ ኋላ ሲቀር ሁለቱ ልጆች ዞረው ዞረው አዩት። ፍጥነታቸውንም ቀነሱ። ጠበቁት። መጠበቅ እንዳልሆነላቸው ሲያዩ ሄዱ፤ ቀነኒሳ የመጨረሻውን ዙር በ53 ሰከንድ ገደማ ጨርሶ ወርቁን፣ ስለሺ ብሩን ወሰዱ።

ልጆቹ ይህን ቪዲዮ ሲያዩ ይናደዳሉ። በእነርሱ ጨዋታ የወደቀ ጓደኛ ሲጠበቅ ጠላት ይደርሳል። «ሦስቱንም ሜዳሊያ ማን ያውቃል ይዘን ነበር» ይላሉ፤ ኃይሌን ትተው ቢሄዱ ኖሮ ሦስተኛው ኢትዮጵያዊ ማን ሊሆን እንደሚችል ግን አይነግሩህም። ዕድሜያቸው የገፋው ደግሞ መጠበቁን ከወርቁ አስበልጠው ያወራሉ። እኔ ውድድሩን ደጋግሜ ሳየው ከሁለቱም የተለየ ነገር ይታየኛል። ቀዝቅዞ መነሣት፣ ቀዝቅዞ መነሣት፤ ይህ የሞስኮው ሥራ ነው። ልጆቹ ኃይሌን ብለው ቢቀንሱም፣ ከኋላቸው ለነበሩት ሌሎች ሯጮች የተበጠበጠ ፍጥነት ያው የተበጠበጠ ፍጥነት ነው። ኃይሌ ከኋላ ሆኖ፣ ሳያስበው፣ እንዲቀንሱና እንዲነሡ አደረጋቸው።

ይህን ለአንድ ጎረቤቴ ነግሬው «ለኃይሌ ሰበብ ፈጠርክለት» ብሎ ሳቀብኝ። ሊሆን ይችላል። ኃይሌ በ27 ደቂቃ ከ27.70 ሰከንድ አምስተኛ ሆኖ ገባ። ነሐሱን የወሰደው ዘርሰናይ ታደሰ ነው፤ ለኤርትራ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ሜዳሊያ።